የትኛው የውጭ ኢንቨስትመንት ይሻለናል? ዕድገትን፣ ዶላርንና ካርቦንን አንድ ላይ ለሚያስብ ሰው የቀረበ ንጽጽር

ባለሀብት መጣ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ሚሊዮን ዶላር ይዞ መጣ የሚለው ነው። ቀጥሎ ለስንት ሰው ሥራ ይፈጥራል ይባላል። ምን ያነዳል የሚለው ግን ወይ አይነሳም፣ ወይ ፋብሪካው ቆሞ ጭስ ማውጫው ከሩቅ ከታየ በኋላ ይነሳል። ያኔ ረፍዷል።

ይህ ጽሑፍ አንድ ነገር ለመምረጥ ለተቸገሩ ነው። ክልል ላይ የኢንቨስትመንት ፈቃድ የምትሰጡ፣ ከውጭ ኩባንያ ጋር ሽርክና የምታስቡ፣ ውጭ አገር ሆናችሁ ገንዘባችሁን አገር ቤት ሥራ ላይ ማዋል የምትፈልጉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግራ የሚያጋባውን እናጥራ

በዚህ ጉዳይ ሁለት ጎራ አለ። አንዱ ወገን የውጭ ኩባንያ አገሩ ላይ ሕግ ያስቸገረውን ቆሻሻ ፋብሪካ ቁጥጥር ወደላላበት ድሃ አገር ያዞራል ይላል። ሌላው ደግሞ የውጭ ኩባንያ ይዞት የሚመጣው ማሽን ከእኛ አሮጌ ማሽን ስለሚሻል ጭሱን ይቀንሳል ባይ ነው። ጥናት ፈልጋችሁ ብታነቡ ለሁለቱም የሚመሰክር ታገኛላችሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ "የውጭ ኢንቨስትመንት" የሚባል አንድ ነገር የለም። የሲሚንቶ ምድጃም የውጭ ኢንቨስትመንት ነው፣ የጽጌረዳ እርሻም ነው። ሁለቱን ደምሮ አማካይ ማውጣት ለማንም አይጠቅምም።

"አገር መጀመሪያ ትቆሽሻለች፣ ስትበለጽግ ትጸዳለች" የሚለው ሐሳብም አለ። ጂን ግሮስማንና አላን ክሩገር በ1991 ካወጡት ጥናት ተነስቶ የተስፋፋ ነው። እነሱ ያዩት ግን የከተማ አየር ውስጥ ያለውን የሰልፈር ጋዝና ጥቀርሻ ነበር። ጥቀርሻ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ሕዝብ ይጮኻል፣ መንግሥት ሕግ ያወጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ስለዚህ ሀብት ስለመጣ ብቻ በራሱ ጊዜ አይወርድም። እንግሊዝ ከ1990 ወዲህ ልቀቷን በግማሽ ያህል ቀንሳ ኢኮኖሚዋን አሳድጋለች፣ እውነት ነው። ግን የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎቿን አንድ በአንድ ዘግታ፣ የመጨረሻውን በ2024 አጥፍታ ነው። በዚያ ላይ የምትለብሰውና የምትገለገልበት ዕቃ ብዙው እስያ ስለሚሠራ ጭሱ የሚመዘገበው በሌላ አገር ስም ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ቬትናም ናት። በውጭ ኢንቨስትመንት አድጋለች፣ ሳምሰንግን የመሰለ ኩባንያ ስልኮቹን እዚያ ይገጣጥማል፣ የድህነቱ መጠን በጣም ወርዷል። የካርቦን ልቀቷ ግን ከ2000 ወዲህ ከአምስት እጥፍ በላይ ጨምሯል። ይህን ያመጣው ስልክ መገጣጠሙ ወይም ልብስ መስፋቱ አይደለም። ለእነዚያ ፋብሪካዎች መብራት ለማድረስ ብላ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ በላይ በላዩ ስለሠራች ነው። አሁን ከመብራቷ ግማሽ ያህሉ ከከሰል ነው።

ኢትዮጵያ እዚህ ላይ የተለየች ናት። ከመብራታችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ነው፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም መስከረም 2025 ተመርቋል። ከነዳጅና ከፋብሪካ የሚወጣው ካርቦናችን በነፍስ ወከፍ በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ነው፣ የዓለም አማካይ 4.7 ቶን ገደማ ሆኖ ሳለ። በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንዳስቀመጠው አብዛኛው ልቀታችን የሚመጣው ከእርሻ፣ ከከብትና ከደን መመንጠር ነው። ኢንዱስትሪ ያኔ 3 በመቶ ገደማ ነበር። ይኸው ሰነድ በነበረበት ከቀጠልን በ2010 የነበረው 150 ሚሊዮን ቶን በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ይደርሳል ብሎ ነበር።

እና የኔ ነጥብ ይሄ ነው። እዚህ አገር የሚመጣን ባለሀብት ስለ መብራቱ ሳይሆን ስለ እሳቱ ጠይቁት። ቦይለሩ፣ ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ማሽን፣ በምን ይሠራል? ምድጃው ምን ያነዳል? ጭነቱ በምን ይሄዳል? መብራት ሲጠፋ ምን ይነሳል? የካርቦኑ ልዩነት ያለው እዚያ ነው።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መስፈርት እሳቱ ነው፣ አልኩት። ሁለተኛው ዕድሜው። የሲሚንቶ ምድጃ አንዴ ከቆመ ሠላሳና አርባ ዓመት ይሠራል፤ ቢትኮይን የሚያመርት የኮምፒውተር ኮንቴይነር ግን በጭነት መኪና ተጭኖ ይሄዳል። ሦስተኛው ዶላሩ ነው፣ ይገባል ወይስ ይወጣል? አራተኛው ሥራ። አምስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ ምርቱ ምን ይተካል? ከውጭ የምናስገባውን የሚተካ ከሆነ የውጭው ምርት እዚያው ሲመረት የሚያወጣው ጭስም መታሰብ አለበት። አለበለዚያ "አገር ውስጥ ልቀት ጨመረ" ብለን የዓለሙን ልቀት የሚቀንስ ፋብሪካ ልንከለክል እንችላለን።

ልብስ ስፌት በኢንዱስትሪ ፓርክ

ስፌት ራሱ ብዙ ጉልበት አይበላም። የስፌት ማሽንና አምፖል ነው፣ ሁለቱም በግድብ መብራት ይሠራሉ። በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ፓርክ የተጣራ ቆሻሻ ውኃውን መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው። በጥሩ ጊዜው ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው። አንድ ዓይነት ሸሚዝ ቬትናም ውስጥ በከሰል መብራት ሐዋሳ ደግሞ በውኃ መብራት ሲሰፋ ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። የልብስ ካርቦን አብዛኛው ያለው በስፌቱ ላይ አይደለም፤ ክሩን በመፍተል፣ በመሸመንና በማቅለም ላይ ነው። ማቅለሚያ ሙቅ ውኃና እንፋሎት ይፈልጋል። ባለሀብቱ ጨርቁን ከእስያ የሚያመጣ ከሆነ ጭሱ እዚያ ቀርቷል፣ እዚህ አቀልማለሁ ካለ ደግሞ የቦይለሩ ጥያቄ ይነሳል። ቦይለሩ በፉርነስ ነዳጅ ነው፣ በከሰል ነው፣ በኤሌክትሪክ? ሌላው ገበያው ነው። ጥር 2022 ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ አሜሪካ መላክ ከሚያስችለው ዕድል፣ ስንወጣ አሜሪካ የሚልኩ ፋብሪካዎች ምን እንደደረሰባቸው ሁላችንም አይተናል። ደሞዙም ዝቅተኛ ነው። ይሄ የካርቦን ጉዳይ ባይሆንም ሠራተኛው በየወሩ የሚለቅ ከሆነ የሥራ ዕድል ቁጥሩ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሲሚንቶ

እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም ከባዱ ምርጫ ይሄ ነው።

ሲሚንቶ ሁለት ዓይነት ካርቦን ያወጣል። አንዱ ከሚነደው ነዳጅ ነው። ሌላው ከድንጋዩ ከራሱ ነው፤ የኖራ ድንጋይ በከፍተኛ ሙቀት ሲፈረካከስ በውስጡ የታሰረው ካርቦን ይለቀቃል። አንድ ቶን ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ከምድጃ የሚወጣ ጥሬ ነገር፣ ሲሠራ ከድንጋዩ ብቻ ግማሽ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ነዳጁን በምንም ብትቀይሩት ይሄኛው አይቀርም። በ2024 የተመረቀውን የለሚ ሲሚንቶ እንውሰድ። በቀን 10 ሺህ ቶን ክሊንከር የማምረት አቅም አለው። በሙሉ አቅሙ ከሠራ ከድንጋዩ ብቻ በቀን 5 ሺህ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ዓመቱን አስሉት፣ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ቶን ያልፋል። የምድጃው ነዳጅ ጭስ ደግሞ በዚህ ላይ ይደመራል።

ታዲያ አንቀበል? እኔ እንደዚያ አልልም። ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ መንገድ፣ ግድብ ራሱ በሲሚንቶ ነው። ከውጭ ብናስገባም ያው ካርቦን ሌላ ቦታ ይወጣል፣ የመርከቡና የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪናው ተጨምሮበት። አዲስ ትልቅ ምድጃ ደግሞ ከጥንቱ እርጥብ ዘዴ ጋር ሲነጻጸር ለአንድ ቶን ክሊንከር የሚፈጀው ሙቀት ግማሽ ገደማ ነው። "የውጭ ኩባንያ የተሻለ ማሽን ያመጣል" የሚለው ክርክር በሲሚንቶ ላይ እውነትነት አለው።

ስለዚህ ጥያቄው ይቀየር። አንደኛ፣ ከምታመርተው ስንት እጁ ክሊንከር ነው? እኛ በስምጥ ሸለቆ ፑሚስ የሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሞልቶናል። ፑሚስ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ለቤት ግንባታ በቂ ነው፣ የሚቀላቀለው በጨመረ ቁጥር የክሊንከሩ ካርቦን ይቀንሳል። ፋብሪካው ለሁሉም ሥራ ንጹሕ ክሊንከር ሲሚንቶ የሚሸጥ ከሆነ ያለ ምክንያት እያነደደ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ከምድጃው የሚወጣውን ትርፍ ሙቀት ወደ መብራት ይቀይራል ወይ? ሦስተኛ፣ ከሰሉን በከፊል በእርሻ ተረፈ ምርት ለመተካት ምድጃው ዝግጁ ነው? እነዚህ ከዲዛይኑ ጀምሮ ካልገቡ በኋላ ማስገባት በጣም ውድ ነው።

ማዳበሪያ ከተፈጥሮ ጋዝ

ነሐሴ 2025 የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕና የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ጎዴ ላይ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን፣ ጋዙ ከሶማሌ ክልል ከካሉብና ከሂላላ። ዶላር ከማዳን አንጻር ከዚህ የሚበልጥ አማራጭ አላውቅም፤ ማዳበሪያ በሙሉ ከውጭ ነው የምናስገባው፣ ሲዘገይም ገበሬው ነው የሚጎዳው።

ካርቦኑስ? እዚህ ላይ መለየት አለብን። አንድ ቶን ዩሪያ በውስጡ 0.73 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፣ ማሳ ላይ ሲበተን ይለቀቃል። ይሄ ግን ዩሪያው ከየትም ቢመጣ የሚሆን ነው፣ በጎዴ ፋብሪካ ላይ የሚጨመር ዕዳ አይደለም። በፋብሪካው ላይ የሚመዘገበው ጋዙን ለማንደድና ለማቀነባበር የሚወጣው ነው። ከጋዝ የተሠራ ዩሪያ በከሰል ከተሠራው የቻይና ዩሪያ በጣም ይሻላል። ስለዚህ የምንተካው በከሰል የተሠራውን ከሆነ የዓለም ልቀት ይቀንሳል፣ የእኛ ግን ይጨምራል።

ሌላ መንገድም አለ። አስዋን የሚገኘው የግብፅ ኪማ ፋብሪካ ለአሥርተ ዓመታት አሞኒያ የሚሠራው በአስዋን ግድብ መብራት ውኃን ሰንጥቆ በሚያገኘው ሃይድሮጅን ነበር። ወደ ጋዝ የዞረው በቅርቡ ነው። ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም፣ የሚጠይቀው ብዙና ርካሽ መብራት ነው። ጎዴ ላይ ወዲያውኑ ይሁን አልልም። ሁለተኛ ፋብሪካ ሲታሰብ ግን ይህ ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ መቅረብ አለበት። በተለይ አውሮፓ መላክ ከታሰበ፤ የአውሮፓ ኅብረት ድንበር ላይ የሚጥለው የካርቦን ክፍያ ከጥር 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፣ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶ፣ ብረትና አሉሚኒየም ተካተውበታል። ልብስና አበባ አልገቡበትም።

አበባ

አበባ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ አውሮፕላን ደግሞ ነዳጅ ይበላል፣ ስለዚህ ቆሻሻ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። በ2007 የእንግሊዙ ክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ የኬንያንና የሆላንድን ጽጌረዳ አወዳድሮ ነበር። 12 ሺህ ዘንግ የኬንያ አበባ፣ በረራው ተጨምሮ፣ 6 ሺህ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገደማ። የሆላንዱ 35 ሺህ። ምክንያቱ የሆላንዱ ግሪንሃውስ በጋዝ መሞቁና መብራት መፈለጉ ነው፤ የእኛን እንደ ኬንያው ፀሐይ ያሞቀዋል። አሮጌ ጥናት ነው፣ ሆላንዶችም ከዚያ ወዲህ ብዙ አሻሽለዋል፣ ግን አበባን በአውሮፕላኑ ብቻ መፍረድ እንደማያስኬድ ያሳያል። አበባ ላይ እኔን የሚያሳስበኝ ውኃው ነው። የዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ቢትኮይን ማይኒንግ

ይህ ቢትኮይን የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ቀን ከሌት በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ማምረት ነው። ካርቦን የለውም ማለት ይቻላል፣ መብራቱ የውኃ ነውና። ክፍያው በዶላር ነው። የሥራ ዕድሉ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ጥቂት ቴክኒሽያንና ጥበቃ። ግማሽ የሚጠጋው ሕዝባችን መብራት ሳያገኝ፣ እንጀራ በእንጨት እየተጋገረ፣ ያን ያህል ሜጋ ዋት ለኮምፒውተር መስጠት ያሳስበኛል። መከራከሪያው ማስተላለፊያ መስመር እስኪዘረጋ ትርፍ ኃይል ከሚባክን ይሸጥ የሚል ነው። ትክክል ነው፣ ውሉ አጭር ከሆነ። በአሥር ዓመት ውል ከታሰረ ግን ነገ ኤሌክትሪክ ቦይለር ለሚያስገባ ፋብሪካ የምንሰጠው መብራት አይኖርም።

ንፋስ፣ ፀሐይ፣ የከርሰ ምድር እንፋሎት

ካርቦኑ ላይ ክርክር የለም። የእኛ ንፋስ የሚበረታው በበጋ፣ ግድቡ በሚጎድልበት ወቅት መሆኑ ደግሞ ትልቅ ጥቅም ነው። ውኃ ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን እንደሚያመጣ ዛምቢያ በ2024 አሳይታናለች፤ የካሪባ ግድብ ውኃ ሲጎድል ሕዝቡ ወደ ጄኔሬተርና ወደ እንጨት ከሰል ተመለሰ። ችግሩ ዶላሩ ነው። መብራቱ ለተጠቃሚው የሚሸጠው በብር ነው፣ የአመንጪው ዕዳ ግን በዶላር ነው፣ ሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያም ግልጽ ሆኗል። በርካታ ተስፋ የተጣለባቸው የፀሐይና የእንፋሎት ፕሮጀክቶች ለዓመታት የተጓተቱት በዚህ ዓይነት ጉዳይ ነው። ሥራም የሚበዛው በግንባታው ጊዜ ብቻ ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና መገጣጠም

ከጥር 2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚጠጣ መኪና 1,200 ሊትር ቤንዚን ያቃጥላል፣ ወደ 2.8 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ። በእኛ መብራት የሚሄደው ዜሮ ሊባል ይችላል። ሚኒባስና አውቶብስ ቀኑን ሙሉ ስለሚሠሩ ቁጠባቸው ከቤት መኪና ይበልጣል። ቢሆንም ክፍሎቹ ከቻይና በዶላር ነው የሚገቡት፣ መገጣጠም ብቻውንም ብዙ ሰው አይቀጥርም።

አንድ ነገር በአጭሩ። ደን መንጥሮ ለሚተከል ሰፊ እርሻ የሚመጣን ባለሀብት በሠንጠረዡ ውስጥ አላስገባሁትም። ከአንድ ሄክታር ጥቅጥቅ ደን በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ተመልሶም በአንድ ትውልድ አይተካም። እሱን ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር አያስፈልግም፤ አይሆንም ነው መልሱ።

| አማራጭ | ካርቦኑ ከየት | ሥራ | ዶላር | ስንት ጊዜ ያስራል | ፍርዴ |
|---|---|---|---|---|---|
| ልብስ ስፌት | ቦይለር፣ ከውጭ የሚገባ ጨርቅ | ብዙ | ይገባል፣ ገበያው ካልተዘጋ | አጭር | ቦይለሩ ኤሌክትሪክ ከሆነ ጥሩ |
| ሲሚንቶ | ድንጋዩና ነዳጁ | መካከለኛ | ያድናል | 30 ዓመትና በላይ | በቅድመ ሁኔታ ብቻ |
| ዩሪያ ከጋዝ | የፋብሪካው ጋዝ | መካከለኛ | በጣም ያድናል | ረጅም | ይሁን፣ ቀጣዩ በመብራት ይታሰብ |
| አበባ | በረራ | ብዙ | ይገባል | አጭር | ውኃው ከተመዘነ ጥሩ |
| ቢትኮይን | የለም ማለት ይቻላል | ጥቂት | ይገባል | እንደ ውሉ | በአጭር ውል |
| ንፋስና ፀሐይ | የለም ማለት ይቻላል | በግንባታ ጊዜ | ይወጣል | 20 ዓመት ገደማ | ያስፈልጋል፣ ውሉ ይጠና |
| ኤሌክትሪክ መኪና | ዕቃው ሲመረት፣ ውጭ አገር | ጥቂት | መጀመሪያ ይወጣል፣ ኋላ ነዳጅ ያድናል | መካከለኛ | አውቶብስና ሚኒባስ ይቅደም |

ለማን የትኛው?

ብዙ ሥራ ፈላጊ ወጣት፣ ትንሽ ካፒታል ያለው ከተማ ከሆናችሁ ስፌትና አበባ ይቅደሙ። ሲሚንቶ የሚያመጣላችሁ ዶላር ዓይን ይስባል፣ በአንድ ሚሊዮን ዶላር የሚቀጥረው ሰው ግን ከስፌት ጋር አይወዳደርም።

ኖራ ድንጋይና ፑሚስ ያለበት ወረዳ ላይ ያላችሁ የክልል ኃላፊዎች፣ ሲሚንቶ እንደሚመጣባችሁ የታወቀ ነው። ከላይ ያሉትን ሦስት ጥያቄዎች ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ አስመልሱ። ከተፈረመ በኋላ ጉልበት አይኖራችሁም።

ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ስቶክሆልም ሆናችሁ መካከለኛ ገንዘብ ያጠራቀማችሁ፣ ማመንጫና ፋብሪካ የእናንተ ሜዳ አይደለም። የኤሌክትሪክ አውቶብስና ሚኒባስ ማኅበር፣ የቻርጅ ጣቢያ፣ የባትሪ ጥገና ጋራዥ ግን ነው። መኪናው እየገባ ነው፣ የሚጠግነው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ትልቅ ሽርክና የምትፈርሙ ደግሞ አንድ አንቀጽ እንዳትረሱ። ባለሀብት ኤሌክትሪክ ቦይለር አልፈልግም የሚለው ብዙ ጊዜ በዋጋው አይደለም፣ መብራት ይቆራረጣል ብሎ ነው። ልክ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ናፍጣ ጄኔሬተር ይነሳል፣ ያን ሁሉ የውኃ መብራት ጥቅም ይበላዋል። ስለዚህ መሬቱ ከመደልደሉ በፊት ለፋብሪካው የተለየ መስመርና ሰብስቴሽን መቼ እንደሚደርስ ከመብራት ኃይል ቀን የተቆረጠለት ደብዳቤ ያዙ፣ የቦይለሩን ዓይነትና ያንን ቀን በአንድ ውል ውስጥ እሰሯቸው። መስመሩ ከዘገየ ማን ምን እንደሚከፍልም እዚያው ይጻፍ።